ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ወታደርና አባወራ



ባለፈው ሳምንት በማታው ትምህርታችን ስለ አበበ ቢቂላ አንዲት አጭር ምንባብ አብረን አንብበን ነበር። ምንባቧ አምስት መስመር ብቻ ናት። አበበ በባዶ እግሩ ሮጠ፣ አበበ አሸነፈ፣ የአገሩን ስም አስጠራ ትላለች። ሁሉም ተራ በተራ እየተነሣ አነበበ። አንዳንዱ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ አንዳንዱም ምንም ሳይደናቀፍ ተወጣው።

ስንጨርስ ከኋላ ከተቀመጡት ተማሪዎቻችን አንዱ እጃቸውን አነሡ። እኒህ ሰው የቀድሞ ወታደር ናቸው። አንድ እግራቸውን በጦርነት አጥተዋል። በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

«ልጆቼ፣ ሲሮጥማ እናውቀዋለን» አሉን። «መሮጥ ካቃተው በኋላስ? ቤቱ እንዴት ሆነ? ሚስቱስ? ልጆቹስ? ያንን ለምን አልጻፋችሁልንም?»

እኛ አስተማሪዎች እርስ በርሳችን ተያየን። ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ነን። ዕድሜያችን ከሃያ ብዙም አላለፈም። አበበ ሲሞት ወላጆቻችን እንኳ ወይ ሕፃናት ነበሩ፣ ወይ ገና አልተወለዱም። አበበ ሲያሸንፍ የተነሣውን ፎቶግራፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ወዲያ ግን ጠይቀን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር አፈርን።

ስለዚህ መጻሕፍት አገላበጥን፣ ጠየቅን፣ ጻፍን። የዛሬው ጽሑፋችን ለእኒያ አባት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በአንድ ማታ ካላለቀ ለነገ አቆዩት።

ከብት ጠባቂው ልጅ

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። የትውልድ ቦታው በሸዋ፣ በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ የምትባል መንደር ናት። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ቤተሰቡ እንደ እናንተው አራሽ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ወረረ። አበበ ያን ጊዜ ገና የ3 ዓመት ሕፃን ነው። ጦርነቱ የእነአበበንም ቤት አልማረም። ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደምትባል ራቅ ያለች ቦታ ተሰደደ። ቆይቶ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። ይህን ልብ በሉ። ከኢጣሊያ ጦር የሸሸውን ይህን ሕፃን በኋላ ኢጣሊያ ውስጥ፣ ሮም ከተማ ላይ እናገኘዋለን።

አበበ ልጅነቱን ያሳለፈው ከብት እየጠበቀ ነው። የገና ጨዋታም ይጫወት ነበር። ገናን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በዚያ አገር ግን የአንዱ ቡድን ግብ ከሌላው ግብ አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ይርቅ ነበር ይባላል። ሩሩን የሚከተል ልጅ ሜዳውንና ዳገቱን ሲሮጥ ይውላል። እንግዲህ የአበበ የመጀመሪያ የሩጫ ትምህርት ቤት ይኸው ነበር።

በክብር ዘበኛ

በ1944 ዓ.ም. ግድም ወጣቱ አበበ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው ከገጠር አዲስ አበባ የገባው። ክብር ዘበኛ ማለት ንጉሠ ነገሥቱን ይጠብቅ የነበረ ጦር ነው። አበበ በእግረኛው ክፍል ተመደበ።

ወታደርነት ምን እንደሆነ ከመካከላችሁ ያየ ያውቀዋል። ጎሕ ሲቀድ መነሣት አለ። ሰልፍ አለ። ዘብ መቆም አለ። ደከመኝ፣ ራበኝ፣ በረደኝ ማለት የለም። አበበ ይህን ሥርዓት ወደ ሩጫ አመጣው። በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብታ አዲስ አበባ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ደርሶም አይቀር፣ በሩጫ ይመለሳል።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ኦኒ ኒስካነን የሚባል የስዊድን አገር አሠልጣኝ ነበር። የአበበን ጉልበት ያየው፣ ያሠለጠነውና ለትልቅ ውድድር ያዘጋጀው እሱ ነው። ጥሩ በሬ ጥሩ አራሽ ይፈልጋል እንደሚባለው፣ ብርቱ ሯጭም አስተዋይ አሠልጣኝ ያስፈልገዋል።

ሠርጉና ሮም

1952 ዓ.ም. ለአበበ ትልቅ ዓመት ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትዳር ያዘ። ሚስቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ያጩለት እናቱ ነበሩ፤ እንደ አገሩ ልማድ ማለት ነው። ጎጆ ከወጣ ገና ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ለኦሎምፒክ ውድድር ወደ ሮም ሄደ።

ኦሎምፒክ ማለት የዓለም አገሮች በ4 ዓመት አንድ ጊዜ የሚገናኙበት የስፖርት ውድድር ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ ነው። የሮሙ ለእሷ ሁለተኛዋ ነበር።

አበበ የሮጠው ማራቶን ነው። ማራቶን ማለት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሮጥ ነው። ይህን ያህል መንገድ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ በእግሩ ቢጓዝ ነው የሚጨርሰው፤ ያውም ጎበዝ ከሆነ።

ከቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ የሚስማማ አላገኘም። ስለዚህ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቆረጠ። አንዳንድ ሰው አበበ ጫማ የማያውቅ ሰው ነበር ይላል። ይህ ስሕተት ነው። አበበ ወታደር ነው፤ ወታደር ጫማ ያደርጋል። እግሩ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጠጠሩንም ጭቃውንም ለምዶታል። የማይስማማ ጫማ እግር ይልጣል። ያልተላጠ እግር ይሻላል ብሎ ነው ያለ ጫማ የሮጠው።

ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በረድ ሲል ተጀመረ፤ ሲያልቅ ጨልሞ ነበር። በመንገዱ ዳርና ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ቤን አብደሰላም ጋር እኩል ለእኩል ሄደ። መጨረሻው ሲቃረብ አንድ የሚያውቁትን ድንጋይ አለፉ። የአክሱም ሐውልት ነው! ፋሺስቶች ከአገራችን ዘርፈው ሮም ላይ አቁመውት ነበር። ያ ሐውልት ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

አበበ ጉልበቱን ጨመረ። ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ያን ሁሉ መንገድ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ግድም ሮጧል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ማራቶንን በዚህ ፍጥነት ሮጦ አያውቅም። ከጥቁር አፍሪካውያን መካከል የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ሆነ።

ያቺ ማታ ጳጉሜን 5 መሆኗን አትርሱ። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ናት። አበበ ሮም ላይ ሲያሸንፍ አገር ቤት ችቦ ይበራ ነበር። በማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጠባ። አዲሱ ሙሽራ ወደ ሚስቱ የተመለሰው ዓለም ሁሉ ስሙን ካወቀው በኋላ ነው። የአሥር አለቃነት ማዕርግም ተሰጠው።

የወታደር ቤት

የወታደር ቤት ግን ደስታው ሙሉ አይሆንም። ከሮም ድል በኋላ 3 ወር እንዳለፈ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ጓደኞቻቸው መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ተኩስ ሆነ። ሙከራው ከሸፈ። አበበ በነገሩ ውስጥ አልነበረበትም። ቢሆንም የዚያ ጦር አባል ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ተጠየቀ፤ ከዚያም ተለቀቀ።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ወርቅ ይዞ የመጣ ጀግና ነው። ቤቱ ደግሞ ገና ዓመት ያልሞላው ጎጆ ነው። የወታደር ሚስት የሆነች ሴት ይህን ታውቀዋለች። ባሏ በጠዋት ሲወጣ ማታ እንደሚመለስ እርግጠኛ አትሆንም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሞላ፤ አበበና ወይዘሮ የውብዳር 4 ልጆች ወለዱ። አበበም ውትድርናውንና ሩጫውን አላቆመም። በየአገሩ እየዞረ ሮጠ። በዕድሜው 16 ጊዜ ማራቶን ሮጦ 12 ጊዜ አሸንፏል።

ቶኪዮ

ሁለተኛው ኦሎምፒክ በጃፓን አገር፣ በቶኪዮ ከተማ ሆነ። ጉዞው ሲቃረብ አበበ ታመመ። ሕመሙ ትርፍ አንጀት ነበር። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ሆዱ ተቀድዶ ተወጣለት። ውድድሩ ጥቅምት 11 ቀን ነው። መካከሉ 35 ቀን ብቻ! ከእናንተ መካከል ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ካለ ይፍረድ። አበበ ግን ጥቂት ቀን እንደተኛ ተነሥቶ ሶምሶማ መሮጥ ጀመረ።

ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛ የወጣውን በ4 ደቂቃ ቀደመው። እንደገና የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። ገብቶም አልወደቀም፤ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ በመገረም አየው።

ሲመለስ የመቶ አለቃ ሆነ። ቤት ተሰጠው፤ ቮልስዋገን መኪናም ተሸለመ።

ከሜክሲኮ እስከዚያች ሌሊት

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሦስተኛው ኦሎምፒክ በሜክሲኮ ሆነ። አበበ እግሩን ታምሞ ነው የተሰለፈው። 16 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሮጠ አቃተውና አቋርጦ ወጣ። ያን ቀን ያሸነፈው የጦር ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነው። ወርቁ ከኢትዮጵያ አልወጣም። አበበም ከዚያ መልስ ሻምበል ተባለ።

5 ወር አለፈ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቮልስዋገኑን እየነዳ ነበር። መኪናዋ ከእጁ አመለጠችና ተገለበጠች። እሱም ውስጧ ተቀርቅሮ ቀረ። የተገኘው ሲነጋ ነው።

ከዚያች ሌሊት በኋላ አበበ በእግሩ ቆሞ አያውቅም።

የጀርባ ነገር

በጀርባችን አጥንት መካከል እንደ ገመድ ያለ ነርቭ ያልፋል። ሕብለ ሰረሰር ይባላል። ከአንጎል ወደ እጅና ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርስ እሱ ነው። የስልክ ሽቦ አድርጋችሁ አስቡት። ሽቦው ከተበጠሰ ከዚያ በታች ያለው አካል ትእዛዝ አይደርሰውም። እግሩ አለ፤ ጡንቻው አለ፤ ግን አይንቀሳቀስም። አበበም እንዲህ ሆነ። በመጀመሪያ እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ለሁላችንም የሚጠቅም ነገር እንናገር። ሰው ከዛፍ፣ ከፈረስ ወይም ከመኪና ቢወድቅና ጀርባዬን፣ አንገቴን ቢል፣ እጅና እግሩን ይዛችሁ አታንሡት። ጎትታችሁም አታስቀምጡት። ጀርባው ሲታጠፍ በከፊል የተጎዳው ነርቭ ጨርሶ ሊበጠስ ይችላል። አደጋ ካልመጣበት በቀር ባለበት ይቆይ። ማንሣት ግድ ከሆነ ብዙ ሰው ሆናችሁ፣ አንገቱንና ጀርባውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በሰፊ ሳንቃ ወይም በበር ላይ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

መንቀሳቀስ የማይችል በሽተኛ ቤት ካላችሁ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት። አንድ ጎን ብቻ ከተኛ ቆዳው ይቆስላል። ያ ቁስል ሰው ይገድላል።

እንግሊዝ አገር

መጋቢት 20 ቀን አበበ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። የገባው ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባል ሆስፒታል ነው። እዚያ ጀርባቸው የተጎዳ ሰዎች የሚታከሙበት ክፍል ነበር። ክፍሉን በ1936 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ፣ ከናዚ ጀርመን ሸሽተው የመጡ አይሁዳዊ ሐኪም ናቸው። መጀመሪያ ያከሙትም ጀርባቸውን የተመቱ የጦር ጉዳተኞችን ነበር።

ከእሳቸው በፊት እንዲህ ያለ ሰው ተኝቶ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ጉትማን ግን ቀስትና ኳስ አስያዟቸው። ወንበር ላይ ሆነው እንዲወዳደሩ አደረጉ። ይህ ጨዋታ እያደገ ሄዶ የዓለም ውድድር ሆነ። ዛሬ ፓራሊምፒክ እንለዋለን። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የት እንደተደረገ ታውቃላችሁ? በሮም ነው። የጀመረውም መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከ8 ቀን በኋላ ማለት ነው። በዚያው ከተማ ባለ ወንበሮቹ መወዳደር ሲጀምሩ አንድ ቀን አበበም ከእነሱ አንዱ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ?

አበበ እንግሊዝ አገር 8 ወር ታከመ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሣቤጥ መጥተው ጠየቁት። ቀስ በቀስ እጆቹ ዳኑ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

8 ወር ስንል ቀላል ይመስላል። ከእርሻ እስከ አጨዳ ያለውን ጊዜ ቁጠሩ። ከዚያ ይበልጣል። ልጆቹ ገና ትንንሾች ነበሩ። የሄደው አባታቸው በአንድ ደቂቃ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ሲመለስም በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ያን የሚቀበል ቤት ልበ ሰፊ መሆን አለበት። ሮጦ የሚያቅፍ አባት ቀረ፤ ልጆቹ ናቸው ወደሱ የሚሮጡት።

በወንበር ላይ

አሁን ወደ እኒያ አባት ጥያቄ ደረስን። መሮጥ ካቃተው በኋላስ?

አበበ ተደብቆ አልተቀመጠም። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ውድድር ገባ። ቀስት ወረወረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። እግሩ እንቢ ቢል በእጁ መጣ።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ሄደ። ኖርዌይ በረዶ የበዛበት ቀዝቃዛ አገር ነው። የተጠራው እንግዳ ሆኖ እንዲመለከት ነበር። እሱ ግን እጄን አጣጥፌ አላይም አለ። ውሾች በበረዶ ላይ በሚጎትቱት ጋሪ ውድድር ገባ። ጋሪው ጎማ የለውም፤ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። 16 ተወዳዳሪዎች ነበሩ። አበበ ሁሉንም ቀድሞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገባ። በረዶ በማያውቅ አገር ተወልዶ በበረዶ አሸነፈ።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ኦሎምፒክ በጀርመን፣ በሙኒክ ከተማ ሆነ። አበበ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። በወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ቀን ደረሰ። ያም ቀን ጳጉሜን 5 ነበር! ሮም ላይ ካሸነፈ ልክ 12 ዓመት ሞላው። ያን ጊዜ ሯጭ ነበር፤ አሁን ተመልካች ሆነ። ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ነው። ሾርተር ወርቁን ተሸልሞ እንደጨረሰ ወደ አበበ ሄደና እጁን ጨበጠው። አሸናፊው ታላቁን አውቆ አከበረ።

ሰዎች አበበን ስለ አደጋው ሲጠይቁት አያማርርም ነበር። ድሉም አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ያንን እንደተቀበልኩ ይህንንም ተቀብዬ በደስታ መኖር አለብኝ ይል ነበር። ይህን ማለት ለጤነኛ ሰው ቀላል ነው። ከወንበር ሳይነሡ ማለት ግን ሌላ ነው።

ስንብት

አበበ ከአደጋው በኋላ የኖረው 4 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። በአደጋው ምክንያት በመጣ ጠንቅ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 41 ዓመት ነበር።

የተቀበረው በሙሉ የወታደር ክብር ነው። በቀብሩ ላይ 65 ሺህ ያህል ሕዝብ ተገኘ ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱም መጡ። የሐዘን ቀን ታወጀ። ሥጋው በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ዐረፈ፤ ሐውልትም ቆመለት። ወይዘሮ የውብዳርና 4 ልጆቻቸው ከኋላው ቀሩ። ልጆቹ ገና ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ ነበሩ።

ስሙ ግን አልሞተም። በአዲስ አበባ በስሙ የሚጠራ ስታዲየም አለ። በ2002 ዓ.ም. ሮም የድሉን 50ኛ ዓመት ስታስብ ማራቶን ተደረገ። ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና ነው። ሊገባ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ለአበበ መታሰቢያ ነው። ከልጆቹም አንዷ፣ ጽጌ አበበ፣ የአባቷን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፋለች። ከሐውልቱ ይልቅ ይህ ልባችንን ነካው። ልጅ ብዕር አንሥታ አባቷ እንዲህ ነበር ብላ ስትጽፍ ከዚያ የሚበልጥ መታሰቢያ የለም።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አበበና ወይዘሮ የውብዳር በትዳር የኖሩት 13 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። 9 ዓመቱን አበበ በእግሩ ቆሞ፣ በየአገሩ ሮጦ ኖረ። 4 ዓመት ከመንፈቁን በወንበር ኖረ። ጋብቻው ግን በመኪናው አደጋ አልተሰበረም። እስከ ሞቱ ድረስ ጸና። ጋዜጣ የሚጽፈው ስለ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃው ነው። ስለ 4 ዓመት ከመንፈቁ ብዙ ሰው አይጽፍም። እንደኛ አስተያየት ረጅሙ ሩጫ ይኸኛው ነው። ይህን ሩጫ ደግሞ አበበ ብቻውን አልሮጠም። ሚስቱና ልጆቹ አብረውት ሮጡ።

ከመታተሙ በፊት

ይህን ጽሑፍ ጨርሰን ለእኒያ አባት ሰጠናቸው። እናንብብልዎት ስንላቸው እንቢ አሉ። «ለምን ፊደል አስቆጠራችሁኝ ታዲያ?» አሉን። ራሳቸው አነበቡት። ሁለት ማታ ፈጀባቸው።

ውሾች የሚጎትቱት ጋሪ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ። «በውሻ? እንዴ!» አሉና ከልባቸው ሳቁ። ክፍሉም አብሮ ሳቀ። ሒሳቡ ጋ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ያችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

«ይህን ለባለቤቴ ማታ አነብላታለሁ» አሉን። «እኔ ከቆሰልኩ ጀምሮ ውኃውንም እንጨቱንም የተሸከመችው እሷ ናት። እንዲህ ብሎ የጻፈላት የለም። እኔም ብዬላት አላውቅም።»

ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ። እኛም ከዚህ በላይ የምንጨምረው የለንም።

አንብባችሁ ተወያዩበት

1. ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወር አበበ ስንት ዓመቱ ነበር? ሮም ላይ ሲያሸንፍስ?

2. አበበ ያለ ጫማ የሮጠው ለምንድን ነው?

3. ጀርባውን የተጎዳ ሰው እንዴት መነሣት አለበት? በተግባር አሳዩ።

4. በመንደራችሁ በአካል ጉዳት ምክንያት ከቤት የማይወጣ ሰው አለ? ወደ ሸንጎው፣ ወደ ዕድሩ ወይም ወደ ማታው ትምህርት እንዲመጣ ምን ልናደርግ እንችላለን?

5. እስካሁን ያላመሰገናችሁት ሰው አለ? በሦስት መስመር ጻፉለት። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ወደኛ ኑ፤ አብረን እንጽፋለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ያገናኘን። ደህና ሰንብቱ።